ሬሳ የሌለበት ድንኳን

ሰሞኑን ከበሰቃ ሰፈር ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ድሮ ባቡር ያልፍበት የነበረውን ሀዲድ ተሻግሬ ጉሊቶቹ ጋ ስደርስ የንፍሮ ሽታ መጣብኝ። ስንዴና ባቄላ አንድ ላይ ሲበስል የሚያወጣው፣ ለስለስ ያለ፣ ትንሽ አፈር አፈር የሚል ሽታ ነው። በኔ ዕድሜ ያለ የአቃቂ ሰው ይህን ሽታ በአፍንጫው ብቻ አያሸተውም፣ በጉልበቱም ያሸተዋል። ንፍሮ ሸተተህ ማለት በአቅራቢያህ ሰው ሞቷል ማለት ነው። እግርህ በራሱ ጊዜ ከመንገዱ ይወጣል፤ ነጠላህን ታዘቀዝቃለህ፤ ሽታውን ተከትለህ ድንኳኑ ውስጥ ጎንበስ ብለህ ትገባለህ። የማን ቤት እንደሆነ የምትጠይቀው ከተቀመጥክ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን መጀመሪያ ያሰብኩት ማን ሞተ ብዬ አልነበረም። የጣዱት ትልቁን ድስት ይሆን ትንሹን፣ ለሰው ሁሉ ይበቃ ይሆን ብዬ ነው ያሰብኩት። ቆም ብዬ ራሴን ታዘብኩት። እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዴት ቤቴ ገብቶ ወንበር እንደያዘ ላውጋችሁ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ስለዚህ ነገሩን እንደመጣልኝ ነው የማወራው።

ያኔ እኔም አስካለም የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበርን። እኔ ሸማኔ ክፍል፣ እሷ መፍተያ ክፍል። የፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ አቃቂ በሙሉ ሰዓቱን ያስተካክል ነበር፤ ቄሱም፣ ጋሪ ነጂውም፣ ልጇን የምታጥበው እናትም። ከፊሽካው በኋላ መንገዱ በሰው ይሞላል። ሴቶቹ ሽብሽብ ቀሚስና ባለቀለም ሻሽ፣ ወንዶቹ እግሩ ሰፊ ሱሪና ቴትሮን ሸሚዝ። ጸጉራችን ላይ የቀረውን የጥጥ ብናኝ ሆን ብለን አናራግፈውም፤ ባለሥራ መሆናችን ይታወቅልን ነበራ። ጣቢያው አጠገብ ጣሊያን ሠርቶት የሄደ አንድ ሻይ ቤት ነበር። በስሙኒ ሻይና ቦምቦሊኖ ትበላለህ፣ ዘፈኑን ደግሞ በነፃ ትሰማለህ። ባለቤቱ አንዱን ሸክላ ከወደደ እስኪያቃጥለው ድረስ እሱኑ ይደጋግማል፤ እኛም ሳንወድ ግጥሙን እንይዛለን። አስካለ ከሁላችን ቶሎ ትይዝ ነበር። ድምፅ ነበራታ። የመፍተያው መኪና ጩኸት ውስጥ እየዘፈነች ከዚያ ማዶ ትሰማ ነበር ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ስለ አስካለ ግን ከድምፅዋ ይልቅ ክዳኗን ነው የማስታውሰው። ምሳ ሰዓት ባህር ዛፎቹ ሥር ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን እንቀመጥና ቋጠሯችንን እንፈታለን። ታዲያ ምሳ ያላመጣ ሰው አይጠፋም። አንዱ ጠግቤ ነው ይላል፣ ሌላው ሆዴን ቆርጦኝ ነው ይላል። ያን ጊዜ አስካለ የምሳ ዕቃዋን ክዳን ትገለብጥና ከራሷ አንድ ጉርሻ ታኖርበታለች። ቃል ሳትተነፍስ ከጀርባዋ ላለው ሰው ታቀብላለች። ክዳኑ በየጀርባው ይዞራል፤ ሁሉም ጉርሻውን ይጨምርበታል፤ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ዞሮ ዞሮ ጠግቤያለሁ ያለው ሰው ጀርባ ሲደርስ እዚያው ይቆማል። ብዙ ጊዜ የሚቆመው መንገሻ ዘንድ ነበር። መንገሻ ቦይለር ላይ ይሠራ የነበረ፣ ረጅም፣ ትንሽ የሚኮላተፍ፣ ዘመድ የሌለው ልጅ ነው። ደሞዙን ምን እንደሚያደርገው ማንም አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅነውም። ጥጥ የሚያመጣውን ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና የሚነዳው የወሎው ሰይድ አንዳንዴ ከኛ ጋር ይቀመጥ ነበር። መጀመሪያ ክዳኑን ባየ ቀን «ይህ ነገር መሪ የለውም፣ ግን መንገዱን አይስትም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ የሱም ጉርሻ ክዳኑ ላይ ይታከል ጀመር።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ስለሱ ብዙ አልልም፤ የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረም ባያውቀው አይጎዳም። ፊሽካው ይነፋል፣ መንገዱ ግን እንደ ድሮው አይሞላም። ከቤታቸው ወጥተው ያልተመለሱ ነበሩ። መንገሻ አንዱ ነው። ለነሱ ድንኳን አልተተከለም፣ ንፍሮ አልተቀቀለም፣ ጡሩምባ አልተነፋም። እናቶች ለልጃቸው ያለቀሱት ነጠላ አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነው። አስካለ በዚያ ሰሞን ባል አግብታ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አጠገብ ወዳለው ሰፈር ሄደች። ቀስ በቀስም ተጠፋፋን። ሻይ ቤቱ ዛሬ የስልክ መጠገኛ ሆኗል፤ ጋሪ በቆመበት ባጃጅ ተደርድሯል። ከቀረነው እኔና ሰይድ አለን። ሰይድ መኪናውን ካቆመ ቆይቷል፣ አሁንም ግን ሲሄድ ትከሻውን እንደ ትልቅ መሪ ያዞረዋል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የእድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ትሪው በኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ሰው ሲሞት ከቀዳሚዎቹ ደራሾች አንዱ ነኝ። የኑሮውን መክፋት መጀመሪያ ያየሁት በትሪው ነው። ድሮ ለቅሶ ቤት ንፍሮ ሲዞር ሰው ለወጉ ያህል ቆንጠር አድርጎ አፉ ያደርጋል እንጂ አይበላም፤ ሐዘን ላይ መብላት ያሳፍራል። አሁን ትሪው ከመግቢያው ፈቅ ሳይል ባዶውን ይመለስ ጀመር። ሟቹን የማያውቁ ሰዎች ይመጣሉ። ነፍስ ይማር ብለው ገብተው ጥግ ይይዛሉ። ኮቱን በደንብ የተኮሰ ጡረተኛ አለ፣ ልጅ ያዘለች አለች፣ አንገቱ ላይ የመሥሪያ ቤት መታወቂያ ያንጠለጠለ ጎልማሳም አይቻለሁ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው አይባረርም፤ ማን ነህ ተብሎም አይጠየቅም። እነሱም ይህን ያውቃሉ። ልመና አይደለማ፤ ለቅሶ መድረስ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ይብስ ነበር። «ማን ታሟል?» የሚል ጥያቄ በዛ። ይህ ድሮም የሚጠየቅ ነው፤ የታመመ ካለ ብርቱካን ይዘን እንድንጠይቀው ነበር የምንጠያየቀው። አሁን ግን በውሃ ቦኖው፣ በጉሊቱ፣ በታክሲ ተራው ስሰማው ሌላ ድምፅ አለው። «እናንተ ሰፈር ማን ታሟል?» ይላሉ። «ጠናበት እንዴ?» ይላሉ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ሆድ ነው የሚጠይቀው፤ ባለቤቱ ራሱ የጠየቀውን አልሰማውም። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዞኝ ጉሊት ላይ ስስል፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ዓይኗን ከድንቹ አንስታ አየችኝ። ትንሽ ቆየት አለች። ከዚያ መልሳ ወደ ድንቹ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ያ እይታ ጀርባዬ ላይ ነበር።

አስካለን ያገኘኋት በዚህ መሀል ነው። በማረሚያ ቤቱ ጀርባ አንድ የማላውቀው ሰው ሞቶ ድንኳን ከኛ እድር ተዋሱና ዕቃውን ይዤ ሄድኩ። ካስማ ስንመታ ከውስጥ ሙሾ ሰማሁ። ድምፁ ተሰነጣጥቋል፣ እንደ አሮጌ ሸክላ ይንቋቋል፤ ግን አወቅኩት። ገብቼ አየኋት። ያቺ ሞላ ያለች ልጅ የቀረላት ዓይኗ ብቻ ነው። የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው እርጥብ ነው፣ የንፍሮው ውሃ ወደ ውጭ ወጥቷል። ልቅሶው ጋብ ሲል አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አስኩ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ካልሆንኩ ማን ይሁን። ጸጉርህን የት ጣልከው ደምሴ?»

«እዚያው ፋብሪካ ቀረ። ሟቹ ዘመድሽ ነው?»

«ሰው አይደል እንዴ» አለችኝ። ቋጠሮውን ቀስ ብላ ከጉልበቷ ሥር አስገባችው። እኔም ወደ ድንኳኑ ምሰሶ አየሁ። እንደ ድሮው፣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም።

ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ልጇ ባሕር ተሻግሮ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሰነባብቷል። በፊት እስረኛ ሊጠይቁ ለሚመጡ ሰዎች ሻይ ትሸጥ ነበር፤ አሁን እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ማንቆርቆሪያ አይዝላትም። ይህን ሁሉ እንደ ሰው ወሬ ነው ያወራችልኝ። ቤቴ ብቅ እንድትል ለመንኳት።

«ሰው ቤት የምሄደው ለቅሶ ካለ ነው» አለች። «በባዶ እጄ፣ በደህና ቀን፣ ምን ብዬ ነው ሰው በር የማንኳኳው? ለቅሶ ሲሆን ግን እንባዬን ይዤ እሄዳለሁ። ባዶ እጅ አይደለም።»

ልሄድ ስነሳ ነጠላዋን እያስተካከለች «እናንተ ሰፈርስ ማን ታሟል?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ተመስገን» አለች። ከንፈሯ ተመስገን ይበል እንጂ ፊቷ ላይ ያየሁት ምስጋና አልነበረም። ባዶ ማጀት ያየ ሰው ፊት ነው። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ይህች ሴት በሕይወት እንድትሰነብት በየሳምንቱ አንድ ሰው መሞት አለበት።

በእድሩ ስብሰባ ተነስቼ ተናገርኩ። ሰው ባይሞትም ሐሙስ ሐሙስ ድንኳን እንትከል፣ ንፍሮ እንቀቅል፣ የመጣው ይብላ አልኩ። የእድራችን ዳኛ አቶ ክፍሌ ከሀዲዱ አጠገብ ሃርድዌር ቤት ያለው፣ ቁጥብና ደንብ አክባሪ ሰው ነው። መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እርስዎን ማክበሬን ያውቃሉ። ግን ድንኳን ጃንጥላ አይደለም፣ ዝም ብሎ አይዘረጋም። ሬሳ የሌለበት ድንኳን ሬሳ ይጠራል። ይህን እኔ አላመጣሁትም፤ ከአባቶቻችን የሰማነው ነው።»

«አልጠራነውም ብሎ መቼ ቀርቶ ያውቃል» አለ ሰይድ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«አንተ በሾፌርነትህ ቀልድ። ጎረቤት ቢታመም ምን ልትል ነው?»

«ፍሬን ያዝ እለዋለሁ። ስሙኝ እንግዲህ፣ የመጀመሪያውን ስንዴ እኔ አመጣለሁ። ንፍሮ እስላም ክርስቲያን አይልም፤ ሥጋ የለበት፣ ጾም አይገድፍ። ድስቱም ከሰው ሞት እስከ ሰው ሞት ዝም ብሎ ከሚዝግ ይሥራ።»

አቶ ክፍሌ ፈቀደ። ልቡ ግን አልፈቀደም፤ ሐሙስ ጠዋት ድንኳኑ ሲዘረጋ ከሩቅ ቆሞ ሲያማትብ አይቼዋለሁ። ከሀዲዱ አጠገብ ባለው ሜዳ ተከልን። ድስቱ ፈላ፣ ሽታው መንደሩን ሞላው። ሰውም መጣ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፍቶ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ «የማን ነው?» ይላል። አቶ ክፍሌ እውነተኛ ሰው ነውና «የማንም አይደለም፣ የሞተ የለም፣ ግቡና ብሉ» ይላል። ያን ጊዜ ሰውየው ቀና ይላል። ነጠላውን ያስተካክላል። «እኔ እኮ ለቅሶ መስሎኝ ነው፣ በልቻለሁ» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። አንዱ ሄደ፣ ሌላው ሄደ። ያቺ ልጅ ያዘለችው እንኳ ሄደች፤ ልጁ ወደ ድስቱ እየዞረ ያለቅስ ነበር። ንፍሮው ቀዘቀዘ። አግዳሚዎቹ ባዶ፣ ሸራው ብቻ በነፋስ እፍ ይላል፣ ጥብቅ ይላል። በዕድሜዬ ብዙ ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ባዶ ድንኳን ያስፈራኝ ግን የለም። እውነትም የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከሀዲዱ ማዶ አስካለን አየኋት። ሽታው እዚያ ድረስ ሄዶ ይሁን ወሬው አላውቅም። ቆማ ወደ ድንኳኑ ታያለች፣ ነጠላዋ ተዘቅዝቋል።

«የማን ነው?» አለች ከማዶ።

አቶ ክፍሌ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «የመንገሻ ተዝካር ነው» አልኩ።

አንድ እርምጃ ቀረበች። «የቦይለሩ መንገሻ?»

«የቦይለሩ።»

«ተዝካር አልወጣለትም ነበር።»

«አልወጣለትም። ዛሬ እያወጣንለት ነው።»

ሀዲዱን ተሻግራ መጣች። ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ቆመችና ለመንገሻ አለቀሰችለት። ያ ሁሉ ዘመን ነጠላ ውስጥ የተጎሰጎሰው ልቅሶ ያን ቀን ወጣ። የሚኮላተፍ አንደበቱን አነሳች፣ ቁመቱን አነሳች፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያየነው ቀን የለበሰውን ሰማያዊ ሹራብ ሳይቀር አነሳች። ልቅሶዋን የሰማ ሁሉ ይመለስ ጀመር። በልቻለሁ ብለው የሄዱት መጡ። ልጅ ያዘለችውም መጣች። ትሪው ዞረ። አቶ ክፍሌ በኋላ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ዋሸን ወይስ አልዋሸንም?» አለኝ። እኔም ስለ መንገሻ የተቀቀለ፣ በመንገሻ ስም የተበላ፣ ነፍስ ይማር የተባለበት ከሆነ ተዝካር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው አልኩት። በሚቀጥለው ሐሙስ ግማሽ ጆንያ ባቄላ ተሸክሞ መጣና «ለእናቴ ነው፣ ስሟ ይጠራልኝ» አለ።

ደንቡ ከዚያ ወጣ። እህል ያመጣ ሰው ስም ይዞ ይምጣ። ሰፈሩ ከኪሱ ይልቅ ለካ ሙታኑን ለመስጠት ይቸኩላል። አንዷ ጎረቤት በጣሳ ስንዴ ይዛ ለታናሽ እህቷ ትላለች። ሌላዋ እህል ባይኖራት ውሃ ቀድታ ለአባቴ ትላለች። እንጨት ሻጩ ፍልጥ ያወርዳል፣ ወፍጮ ቤቱ ባቄላውን ከገለባው ለይቶ ያበጥራል። ከአንድ ቤት አንድ ጣሳ ምንም አይደለም፤ ከሰፈር ግን ድስት ይሞላል። እኔ የምለው ያ የአስካለ ክዳን ነው ትልቅ ሆኖ የተመለሰው። እናንተም ያላችሁበት ሰፈር ይህን ለማድረግ የሚያቅተው አይመስለኝም። ድስቱ በየእድሩ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ያልተዘከረ ሰው የሌለው ቤትም አላየሁም። በየሐሙሱ ድንኳን ያልተተከለላቸው ሁሉ ተተከለላቸው፤ አስካለም ለሁሉም አለቀሰች። ጉንጯ ትንሽ ሞላ። እጇ ጭልፋ መያዝ ቻለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም። ሰው በዛ። መጀመሪያ ከሰፈሩ፣ ከዚያ ከማረሚያ ቤቱ በኩል፣ ከዚያ ከሳሪስ አቦ ድረስ በእግሩ የሚመጣ። ጎህ ሳይቀድ ሀዲዱ ላይ ተደርድረው ቁጭ ብለው እናገኛቸዋለን፤ ነጠላቸው ከወዲሁ የተዘቀዘቀ። ነፍስ ይማር ሲሉ እንኳ ዓይናቸው ጭልፋው ላይ ነው። አልፈርድባቸውም። በዚያው ልክ ደግሞ ሰጪው ሳሳ። ጣሳ ሞልታ ትሰጥ የነበረችው በእፍኝ መስጠት ጀመረች። አንዳንዱ ሰፈሩ ፈርሶ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደ፤ ሙታኑንም ይዞ ሄደ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሦስታችን ተቀምጠን አቶ ክፍሌ አንገቱን ደፍቶ «ሙታን አለቁብን» አለ።

«አልሐምዱሊላህ በል» አለው ሰይድ። ግን አልሳቀም።

ለሐሙስ ስም አልነበረንም። ያለ ስም ማን እንደማይገባ ደግሞ አይተነዋል፤ አንደኛዋ አስካለ ነች። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ሚስቴ ቀደመችኝ። ከጡረታዬ ለቀብሬ ብዬ በጆንያ ያኖርኩት ስንዴ አልጋዬ ሥር ነበር። በኛ ወግ ተዝካሩን የሚያወጣለት ሰው የሌለው በቁሙ ማውጣት ይችላል፤ የቁም ተዝካር ይባላል። አውጥቼ ነገርኳቸው።

«ሳይሞቱ?» አለ አቶ ክፍሌ፤ ፊቱ ገረጣ። «ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ያን ቀን ያልኩትን ያስታውሳሉ?»

«ሬሳ ይጠራል ያልከውን? ከጠራም አድራሻውን ሰጥተነዋል።»

ሰይድ ወደኔ ዞረ። «የራስህን ንፍሮ ልትበላ ነዋ» አለ። «እኔ አንተን ቀብሬ ነበር ለተዝካርህ ስንዴ ላመጣ ያሰብኩት። ይሁን፣ አብሬ አመጣዋለሁ።»

ሐሙስ መጣ። ትልቁን ድስት ጣድን። ጥግ ላይ፣ ሰው በማያየኝ ቦታ ተቀመጥኩ። «የማን ነው?» ይላሉ ደጃፉ ላይ፤ «የደምሴ» ይላል አቶ ክፍሌ። «ነፍስ ይማር» ይላሉ፤ ይገባሉ። ነፍስ ይማር ለራስ ሲባል መስማት እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ። የመጀመሪያው ያስቃል። ሲደጋገም ግን እጅህን ትዳስሳለህ፣ መኖርህን ለማረጋገጥ። አስካለ ስሙን ስትሰማ አንገቷን ወደ ውስጥ አስገብታ አማተረች። ከዚያ ጥግ ላይ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። መሀል ገብታ ቆመችና ጀመረች፦

«ክዳኑ ሲዞር ነው ካንዱ እጅ ወዳንዱ እጅ፣
ስንቱን ያጠገበው ያ ዝምተኛ ወዳጅ።
ሰው ሲሞት አይቻለሁ ዕድሜው ተጠቃሎ፣
የኔ ጌታ ሞተ ለጎረቤት ብሎ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከመንገሻ ቀን ጀምሮ ታውቅ ኖሯል። ድንኳኑ ለሷ እንደተተከለ፣ ክዳኑ በተራው እሷ ጀርባ እንደቆመ። እኛ ዞር ብለን አላየንም፤ እሷም ዞር ብላ አላየችም። ራሴን በነጠላ ሸፍኜ ለራሴ አለቀስኩ። ማንም አላፈረብኝ፤ ለቅሶ ቤት ነው።

ድስቱ ግን አልበቃም። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ጭልፋው ብረት ነካ፤ ያ የሚፍቅ ድምፅ ሀዲዱ ላይ የተቀመጡት ድረስ ተሰማ። ሰው ቀስ እያለ ተነስቶ ሄደ፤ የተጣላ የለም፣ የተናገረም የለም። ጩኸት ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ድንኳኑ አጠገብ ቆሜ ሳለ አንዲት ወጣት ሴት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ መጣች። ሁለት ልጆች በእጇ ይዛለች። ድስቱን ስታይ እግሯ ቆመ። ከዚያ ጨዋ ናትና ወደኔ ዞራ ጎንበስ አለች።

«ነፍስ ይማር አባባ» አለችኝ። «የሚቀጥለውስ መቼ ነው?»

«ሐሙስ» አልኳት።

«የማን ይሆን?»

ከኋላዬ አስካለ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ከሥሩ የቀረችውን በጭልፋ እየሰበሰበች ነበር። የሰበሰበችውን በክዳን አድርጋ ሴትየዋን ሳታያት ከጀርባዋ ለልጆቹ አቀበለች።

«የኔ ነው» አለች። «ቀደም ብለሽ ነይ።»